ድመቷን ገድሎ «አይጥ በዛብኝ»፦ ስለ አዳኝ ማይት ለተጻፈው ምላሽ

ተባይ የሚበሉ አዳኝ ማይቶችን ማሳ ላይ መልቀቅ አይገባም የሚለውን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ላከልኝ። አራቱ «አንብበው» ብለው ነው። አምስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ቆላድባ ነው የምትኖረው። «ያንተን ማይት አፈር ድሜ አስጋጡልህ» ብላ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ደርድራለች።

ግብርና ተምሬ ጎንደር ከተማ የምኖር ሰው ነኝ። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ደምቢያ፣ አክስቴ ማሳ ላይ ነኝ። ስለ አዳኝ ማይት ሻይ ቤት ሳይቀር አወራለሁ፤ ጓደኞቼ ሰልችቷቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ሲዞር ሰው ፊቱን ወደ እኔ ቢያዞር አይገርመኝም።

ላልሰማ ሰው በአጭሩ። ማይት ማለት በዓይን ለማየት የምታስቸግር፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ ፍጥረት ናት። ስምንት እግር አላት። ዘመዶቿ ሸረሪትና መዥገር እንጂ ዝንብና ቢራቢሮ አይደሉም። ገበሬው «ቀይ ሸረሪት» የሚለው፣ በበጋ ቲማቲሙንና ቦሎቄውን ከቅጠሉ ሥር እየመጠጠ ነሐስ የሚያስመስለው ተባይ ማይት ነው። ይህን ተባይ እያደኑ የሚበሉ ሌሎች ማይቶች አሉ። አዳኝ ማይት የምንለው እነሱን ነው።

አሁን ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ባዕድ ፍጥረት ማሳ ላይ መልቀቅ ነገ ሌላ ተባይ ይፈጥራል፤ አውስትራሊያና ጉርጧ ምስክር ናቸው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር የአበባ እርሻ ባለሀብቶች ቅንጦት ነው፤ ግሪን ሃውስ ለሌለው ገበሬ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ነፍሳት ለቆ ውጤት መጠበቅ የሥራ ፈት ሥራ ነው፤ መድኃኒት ግን በአንድ ቀን ይገድላል። አራተኛ፣ አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር፤ ሳያውቁም ኖረዋል። የመጨረሻው ደግሞ ገበሬያችን ወዳጅና ጠላት የሆኑትን ማይቶች አይለይም የሚል ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ለገበሬው ማሰባቸውንም አልጠራጠርም። ሐሳባቸው ግን ከመጨረሻው በስተቀር በየቦታው ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ይመስለኛል። የመጨረሻው ከነጭራሹ መንገድ አልጀመረም።

ከጉርጡ እንጀምር። ታሪኩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አውስትራሊያ የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ እንዲበሉላት ከሃዋይ መርዛማ ጉርጦች አስመጣች። ጥንዚዛው አገዳው ጫፍ ላይ፣ ጉርጡ መሬት ላይ። አልተገናኙም። ጉርጡ ግን ተራባ። ያገኘውን ሁሉ ዋጠ። እሱን የዋጠው እንስሳ ደግሞ በመርዙ ሞተ። እስከ ዛሬ አልተገላገሉትም።

እንዲያውም በጸሐፊው ቦታ ብሆን ኖሮ ጉርጡን ትቼ ሌላ ምሳሌ አመጣ ነበር። ክሽክሽ እንድትበላ ከእስያ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተወሰደች ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ አለች። ክሽክሹን በላች። ከዚያ የአገሬውን ጥንዚዛዎች ማፈናቀል ያዘች። ብርድ ሲመጣ ደግሞ በመንጋ ሰው ቤት ትገባለች። ይህቺ ከጉርጡ ይልቅ ለክርክራቸው ትቀርብ ነበር። ለተቃዋሚዬ ጥይት ማቀበሌ ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ሁለቱ ያጠፉት ለምንድን ነው? ሆዳም ስለሆኑ ነው። ጉርጥ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ጥንዚዛዋም ክሽክሽ ስታጣ የሌሎችን እጭ ትበላለች። አሁን በዓለም ላይ ብዙ የታወቀውን አዳኝ ማይት እንይ። ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ፐርሲሚሊስ ልበለው። ፐርሲሚሊስ የሚበላው ድር የሚያደራውን ቀይ ሸረሪትና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው። ቅጠል አይበላም። ንብ አይነካም። ሰው አይነክስም። ቀይ ሸረሪቱ ሲያልቅ እሱም ይራባል፤ ወይ ይሰደዳል ወይ ይሞታል። በሙያው ይህ እንደ ድክመቱ ነው የሚታየው። ተባዩ በተመለሰ ቁጥር እንደገና መልቀቅ ያስፈልጋላ! ጸሐፊው የፈሩት «ገብቶ አልወጣም ይላል» ብለው ነው። ባለሙያው የሚያማርረው «አልቀመጥ አለኝ» ብሎ ነው።

ደግሞ አዲስ ሙከራ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቺሊ ከመጣ የኦርኪድ አበባ ጋር ጀርመን ገብቶ ነው የተገኘው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሆላንድ ውስጥ እየተራባ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ በብዙ አገር ተለቋል። ጉርጥ አልሆነም።

ሁሉም አዳኝ ማይት እንደሱ ጨዋ ነው አልልም። የአበባ ዱቄትም፣ ትሪፕስ የሚባለውን ደቃቅ ተባይም፣ ነጭ ዝንብም የሚበሉ አሉ፤ እነሱ ያለ ቀይ ሸረሪትም ይኖራሉ። ስለዚህ ማንም ከሻንጣው አውጥቶ ይልቀቅ የሚል ሰው የለም። ለዚህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ መመሪያ አለ። በ1995 ወጥቶ በ2005 ተሻሽሏል። ከመልቀቅ በፊት ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ይጠናል፤ ለይቶ ማቆያ ይገባል፤ የአገሩ መንግሥት ይፈቅዳል። ጸሐፊው «ቁጥጥር ይኑር» ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር። ያሉት ግን «ጨርሶ አይሞከር» ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። እዚህ አገር አዳኝ ማይት በደንብ የተለመደው ዝዋይ አካባቢና በመሳሰሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ነው። በብልቃጥ ተጭኖ በአውሮፕላን ይመጣል። በሕይወት ያለ ነገር ስለሆነ በደረሰ በጥቂት ቀን ማሳ ላይ መበተን አለበት። ዋጋውም ለደምቢያ ቲማቲም አምራች የሚቀመስ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ «አዳኝ ማይት ስጡኝ» ብትሉ ሻጩ የሚያይባችሁን ዓይን መገመት አያቅትም።

ግን «ግሪን ሃውስ ከሌለ አይሆንም» የሚለው ስህተት ነው። ለዚህ የአፍሪካን የካሳቫ፣ የዚያን ሥሩ የሚበላ ተክል፣ ታሪክ የሚያህል መልስ የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረንጓዴ ማይት ኡጋንዳ ላይ ታየ። ከዚያ የአህጉሩን የካሳቫ ማሳ አዳረሰው። መድኃኒት የሚገዛ ገበሬ የለም፤ ካሳቫ የድሃ ምግብ ነው። ተመራማሪዎች ወደ ተባዩ አገር፣ ወደ ብራዚል ሄዱ። ታይፍሎድሮማለስ አሪፖ የሚባል አዳኝ ማይት አገኙ። በ1993 ቤኒን ውስጥ ለቀቁት። ይህ ማይት ቀን ቀን የካሳቫው ጫፍ ላይ፣ ለጋው ቅጠል እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ ያድናል። አረንጓዴው ማይት ሲያጥረው የአበባ ዱቄትና የተክሉን ፈሳሽ እየቀማመሰ ይቆያል። ከዚያ በራሱ እግርና በነፋስ ከማሳ ማሳ ሄደ። በሰፈረበት ቦታ የተባዩ ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ፤ ምርቱም ሲሶ ያህል ጨመረ። ገበሬው አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ብዙው ማይቱ መምጣቱንም አላወቀ። ይሄ የማን ቅንጦት ነው?

ፖም የሚያመርቱት አሜሪካኖችም ግሪን ሃውስ የላቸውም። አውሮፓ ውስጥ ወይን የሚተክሉት ደግሞ የበለጠ ቀላል ነገር ያደርጋሉ። አዳኝ ማይት ካለበት የወይን ማሳ የተገረዘ ቅርንጫፍ ተሸክመው ወደሌለበት ይወስዳሉ። እዚያ ያስሩታል። አለቀ። ፋብሪካ የለ፣ ብልቃጥ የለ።

ልተወውና የኛን አየር ላንሳ፤ ጸሐፊው ሊያነሱት ይገባ የነበረው ይህ ነበር። ፐርሲሚሊስ እርጥበት ይወዳል። አየሩ በጣም ሲደርቅ እንቁላሉ አይፈለፈልም። የኛ የመስኖ ወቅት ደግሞ፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ደረቅ ነው። የቲማቲም ግንድና ቅጠል ላይ ያለው የሚያጣብቅ ፀጉርም እግሩን ይይዘዋል። በመስኖ ውሃ የረጠበ፣ ጥቅጥቅ ያለ ማሳ ውስጥ ነገሩ ይሻላል፤ ደረቁን የሚችሉ ሌሎች ዝርያዎችም አሉ። ግን ፐርሲሚሊስን መተማ ቆላ ላይ በትኜ ተአምር አሳያችኋለሁ አልልም። ጤፍ ላይ፣ ማሽላ ላይም አይሠራም። ተምችን ደግሞ ጨርሶ አይነካም። አዳኝ ማይት የሁሉ በሽታ ጠበል አይደለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ዋናው ነገር ወደሚመስለኝ። «መድኃኒት በአንድ ቀን ይገድላል።» ይገድላል። ማንን?

አክስቴ ሁለት ዓመት በፊት መጋቢት ላይ ቲማቲሟ ነሐስ መሰለባት። ቅጠሉ ሥር ድር አለ። ወደ አንድ መድኃኒት ሻጭ ሄደች። «ትል ነው፣ ዝንብ ነው፣ ሁሉን ይገድላል» ብሎ አንድ ጠርሙስ ሰጣት። የሰጣት የነፍሳት መድኃኒት ነው። ቀይ ሸረሪት ግን፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ስምንት እግር ያለው የመዥገር ዘመድ ነው። ለዝንብና ለትል የተሠራ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ እሱን በወጉ አይገድለውም። የሚገድለው ማንን ነው? ቀይ ሸረሪቱን የሚበሉትን። ጥንዚዛውን፣ ጥቃቅን ትኋን መሰሎቹን፣ አዳኝ ማይቶቹን። አክስቴ ረጨች። በሳምንቱ ባሰ። ደግማ ረጨች። በሦስተኛው ቲማቲሙ እንደ ተቃጠለ ገለባ ሆነ።

ጎረቤቷ ያን ሰሞን ለመድኃኒት የሚሆን ብር አልነበራትም። ዝም ብላ ቅጠሉን ከታች በውሃ አጠበች። የታመመውን እየለቀመች አወጣች። ማሳዋ ተጎዳ እንጂ አልሞተም። የሁለት ማሳ ወሬ ማስረጃ አይደለም፤ ይህን ጸሐፊው ቢሉኝ ትክክል ናቸው። ስለዚህ ከሁለት ማሳ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ቀይ ሸረሪት በፖም ዛፍ ላይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ተባይ አልነበረም። ዲዲቲ መጣ። ዲዲቲ ጠላቶቹን ጨረሰለት። ቀይ ሸረሪት ያኔ ነው ዋና ተባይ የሆነው። ዛሬም ፓይሬትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ደጋግመው ሲረጩ ቀይ ሸረሪት እንደሚፈነዳ የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ድመቷን ገድለን አይጥ በዛብን እያልን ነው።

«እሺ፣ የማይት መድኃኒት ይግዛ» ቢባልስ? አለ። ይሠራልም። ችግሩ ቀይ ሸረሪት ቶሎ ይለምደዋል። አንዷ እናት መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ሙቀት ሲኖር አንድ ትውልድ በሳምንት ከጥቂት ቀን ይደርሳል። ያልተዳቀለ እንቁላሏ ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባሕርይ ወዲያው ይወጣል፣ ወዲያው ይባዛል። ባለ ሁለት ነጠብጣቡ ቀይ ሸረሪት በዓለም ላይ ከ90 በላይ የመድኃኒት ዓይነቶችን የተቋቋመ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ የሚወዳደረው ተባይ ማግኘት ይቸግራል። ፐርሲሚሊስ ግን ሲበላው ሊለምደው አይችልም። በ25 ዲግሪ አካባቢ አዳኙ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይደርሳል፤ ከሚያድነው ቀድሞ ማለት ነው። በቀን እስከ አምስት ትልልቅ ቀይ ሸረሪት፣ እንቁላልና ጫጩት ከሆነ ደግሞ ሃያ ያህል ይበላል። ዝግ ያለ ነው፤ በአንድ ቀን አይደለም፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ነው። ማሳው ነድዶ ካለቀ በኋላ ከለቀቁትም ምንም አይሠራም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። በጊዜ መጀመር ግድ ነው።

ስለ ፍጥነት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት የተረጨ ቲማቲም ከሰዓት ተለቅሞ፣ በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ተዘርግቶ አይቻለሁ። ከመርጨት እስከ መልቀም መጠበቅ ያለበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። እኔና እናንተ ያንን ቲማቲም ሰላጣ ውስጥ ከትፈን በልተናል። ጸሐፊው ፍጥነቱን ሲያሞግሱ ይህንንም ቢያነሱት ጥሩ ነበር።

«አባቶቻችን አያውቁትም» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። አባቶቻችን መርጫ በጀርባቸው አዝለው አልኖሩም። ጎተራ አጠገብ ድመት ያኖሩት አይጥ እንድትይዝ ነው፤ ያም ተባይን በጠላቱ መከላከል ነው። ቻይናዎች ከ1,700 ዓመት በፊት ብርቱካን ዛፋቸው ላይ ጉንዳን ያሰፍሩ ነበር። የጉንዳኑ ጎጆ እንደ ዕቃ ገበያ ወጥቶ ይሸጥ ነበር። እሾህን በእሾህ የሚለውን የፈረንጅ ላቦራቶሪ አላስተማረንም።

በነገራችን ላይ፣ በየአጥሩ ዳር የምትበቅለው ጉሎ አበባዋ ለአዳኝ ማይቶች ጥሩ ስንቅ ነው፤ በየቤተ ሙከራው እነሱን ለማርባት ዱቄቷን ይጠቀማሉ። ቀይ ሸረሪትም ጉሎ ላይ ይኖራልና ዝም ብላችሁ ማሳውን በጉሎ አትክበቡት። አቧራም እንደዚያው ነው። ኮረኮንች መንገድ ዳር ያለ ቲማቲም ቶሎ የሚታመመው አቧራው አዳኞቹን ስለሚያውካቸውና ቀይ ሸረሪት ስለሚመቸው ነው። ውሃ ቢረጭበት ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው የምለይበትን ዋናውን ልናገር። እሳቸው ሙግቱን «ከውጭ እናስገባ ወይስ አናስገባ» አድርገውታል። እኔ ግዢውን መጨረሻ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ያሉንን አንግደል። አዳኝ ማይቶች እዚሁ አገር፣ በየቁጥቋጦውና በየዛፉ ቅጠል ሥር አሉ። ከዚያ፣ ማርባት ካስፈለገ ደግሞ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ቦሎቄ ትዘራለህ፣ ቀይ ሸረሪት ታስይዘዋለህ፣ በሌላ ክፍል አዳኙን ታሳድርበታለህ። ንጹሕ ቦሎቄው፣ የታመመውና አዳኙ ያለበት እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ነው ትልቁ ሥራ። ግብርና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ላለው ከተማ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

የቀረው «ገበሬው አይለይም» ነው። ይሄ ትንሽ አናደደኝ። እንክርዳድን ከስንዴ፣ በዳሰሳ ብቻ ጥሩ ዘርን ከመጥፎ የሚለይ ሰው ነው የተባለው።

ባለፈው ወር አንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር ይዤ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ነጭ ወረቀት ከቲማቲሙ ቅጠል ሥር ያዝኩ፣ ቅጠሉን በእጄ መታ መታ አደረግሁ። ነጠብጣቦች ወረቀቱ ላይ ወደቁ። አብዛኞቹ ዝም ብለው ቆመዋል፤ ቢሄዱም እየተንቀረፈፉ ነው። ሁለት ግን፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ፣ ወረቀቱን ከዳር ዳር ይሮጡበታል።

አክስቴ መነጽሩን ነጠቀችኝ። አንድ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አየች።

«የኛ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ሳልመልስላት ራሷ ቀጠለች። «ተወው፣ አወቅሁት። እየሮጠ ያለው ነዋ። አዳኝ ተቀምጦ ያድናል እንዴ?»

ያን ቀን ሁለት መደብ ሳይረጭ እንዲቆይ ተስማማን። ዘንድሮ ከአጥሩ ጋር ያሉት ሁለቱ ናቸው። ጸሐፊው ጎንደር ብቅ ካሉ አብረን እንውረድ፤ መነጽሯ አክስቴ ጋ ናት፣ መልሳ አልሰጠችኝም።